ከበሽተኛው የተደበቀ በሽታ

በሆስፒታሎቻችን ኮሪደር ዘወትር የሚታይ አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ የምርመራ ውጤት ይዞ ብቅ ሲል ከበሽተኛው ቀድመው የሚደርሱት ልጆች ወይም ወንድሞች ናቸው። ሐኪሙን ወደ ጥግ ይስቡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እባክዎ ዶክተር፣ ለአባታችን እንዳይነግሯቸው፤ ከሰሙ ይሞቱብናል» ይላሉ። ሐኪሙም ወረፋው ረጅም፣ ጊዜው አጭር ነውና ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። ከዚያች ደቂቃ በኋላ አባት ስለ ገዛ ሳንባቸው ከቤተሰቡ ሁሉ ያነሰ የሚያውቁ ሰው ይሆናሉ።

ልጆቹ ይህን የሚያደርጉት ከክፋት አይደለም፤ ከእዝነት ነው። ይሁን እንጂ እዝነትም መንገድ የሚስትበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ይህንኑ ነው። የሳንባ ካንሰር የያዘው ሰው ከማንም በፊት ተስፋ የሚያገኘው ከቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ግን ይህን ተስፋ ሊሰጠው የሚችለው ነገሩን አብሮት ሲያውቅ እንጂ ከእርሱ ሲሰውር አይደለም።

ነገሩን በራሳችን አገር እንየው። ላንቴን እንውሰድ። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአባያ ሐይቅ በስተምዕራብ የምትገኝ የሙዝ አገር ናት። አዲስ አበባ በየጉልቱና በየአትክልት ተራው የሚሸጠው ሙዝ አብዛኛው ከዚህ ከጋሞ ቆላ በመኪና እየተጫነ የሚመጣ ነው። እዚያ አንድ አባት አሉ እንበል። ለምሳሌ ያህል የምናነሳቸው እንጂ በስም የምናውቃቸው ሰው አይደሉም። ሙዛቸውን ያመርታሉ፤ አንዱ ልጃቸው አርባ ምንጭ ሱቅ አለው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ ይኖራሉ፣ ሴቷ ልጅ ከእርሳቸው ጋር ናት። ሳል ይጀምራቸዋል። በመጀመሪያ ብርድ ነው ይባላል። አገሩ ቆላ ነውና ቀጥሎ ወባ ይጠረጠራል። ከዚያም ቲቢ ነው ተብሎ መድኃኒት ይጀመርላቸዋል።

ይህ ጥርጣሬ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም። በአገራችን ለሳምንታት የሚያስልና የሚከሳ ሰው ሲገኝ ከካንሰር ይልቅ ቲቢ የመሆኑ ዕድል የሰፋ ነው። ችግሩ የሁለቱ ምልክት መመሳሰሉ ነው። የማይለቅ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የሰውነት መክሳት በሁለቱም ላይ ይታያል። በደረት ራጅ ብቻ መለየቱም ሁልጊዜ አይሳካም። ሲቲ ስካን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከሳንባው ተቆንጥሮ የሚመረመር ናሙና ያስፈልጋል። በመሆኑም የቲቢ መድኃኒት በሥርዓቱ እየወሰደ ለውጥ ያላየ ሰው ስድስቱን ወር እስኪጨርስ መጠበቅ የለበትም፤ ቶሎ ተመልሶ ይታይ። በሳንባ ካንሰር ላይ ጥቂት ወራት ማለት ብዙ ነው።

እኚህ አባት እንግዲህ ሪፈር ተጽፎላቸው ከአርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው አዲስ አበባ ይገባሉ። ውጤቱ ይወጣል። ልጆቹ ይሰማሉ። ለአባትስ ምን ይባል?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ለመደበቅ ይመቻል። ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» እንለዋለን። ካንሰርንም ነቀርሳ እንለዋለን፤ የጡት ነቀርሳ፣ የማህፀን ነቀርሳ እንደምንለው ማለት ነው። ስለዚህ ልጅ ለአባቱ «የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሏል» ቢል በቃሉ አልዋሸም። አባት ግን የተረዱት በመድኃኒት የሚድነውን፣ ጎረቤታቸው ታሞ የተነሳበትን በሽታ ነው። ከዚያም «መድኃኒቱን ጨርሼ መቼ ነው ወደ ማሳዬ የምመለሰው?» እያሉ ቀን ይቆጥራሉ። ልጆች ይህን ጥያቄ ሲሰሙ ወደ ውጭ ይወጣሉ።

ለመሆኑ አባት በእርግጥ አያውቁም? አብዛኛውን ጊዜ ያውቃሉ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል ደጃፍ ላይ ተሰልፎ ለምን እንደመጣ የማይጠረጥር ሰው ጥቂት ነው። የተጻፈውን ማንበብ ባይችሉ እንኳ አጠገባቸው የተቀመጠው ወረፋ ጠባቂ ይነግራቸዋል። የሚሆነው እንግዲህ ይህ ነው፦ አባት ያውቃሉ፣ ልጆቹ እንደሚያውቁም ያውቃሉ፣ ነገር ግን ልጆቹን እንዳያስጨንቁ ያላወቁ መስለው ይቀመጣሉ። ልጆቹም እንደዚሁ። አንድ ቤት ውስጥ ሁሉም ለሁሉም እየተጠነቀቀ እያንዳንዱ ብቻውን ያለቅሳል። ይህን ነው እዝነት የምንለው?

በእኔ እምነት እዚህ ላይ የሚያሳፍረን ነገር አለ። እኛ ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶን እንዴት እንደምናደርገው ልብ እንበል። መንገድ ላይ አይነገርም። ለሰው ብቻውን ሆኖ አይነገረውም። ዘመድና ጎረቤት በማለዳ ይሰበሰባል፤ ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ይመከራል፤ የሚደግፍ ሰው በግራና በቀኝ ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለቀናት ሰው አይለይም። ለሞት ዜና ይህን ያህል ሥርዓት ያበጀን ሰዎች፣ ገና በሕይወት ላለ ሰው የሕመሙን ዜና የምናደርሰው ወይ በኮሪደር ጥድፊያ ነው፣ ወይም ጭራሽ አናደርሰውም። የጋሞ ሰው እንኳ ከባድ ጉዳይ ሲያጋጥመው ወደ ዱቡሻ አውጥቶ በሽማግሌዎች ፊት የሚመክር ሕዝብ ነው። የአንድ ሰው ሕመም በእርግጥ የአደባባይ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ዱቡሻ ይውጣ አላልንም። ከባለቤቱ ውጭ የሚመከርበት ጉዳይ ግን ሊሆን አይገባውም።

«ስለ ሞት ካወራንለት ተስፋ ይቆርጣል» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ለዚህ ከኢስላም ታሪክ አንድ የታወቀ ክስተት እናስታውስ። ሰዕድ ኢብን አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) በመሰናበቻው ሐጅ ዓመት መካ ላይ በጠና ታመሙ። ከዚህ ሕመም እንደማይነሱ ፈሩ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቋቸው ሲመጡ ሰዕድ ያነሱት ጉዳይ ስለ ገንዘባቸውና በዚያን ጊዜ ብቸኛ ወራሻቸው ስለነበረችው ሴት ልጃቸው ነበር፤ ከገንዘቤ ምን ያህሉን በወሲያ ልስጥ ብለው በግልጽ ጠየቁ። ነቢዩም ዝም በል፣ ይህን አታንሳ አላሏቸውም። ጉዳዩን አብረዋቸው ተመካከሩበት፤ ከሢሶው እንዳያልፉ ነገሯቸው። የወሲያ ልክ ሢሶ መሆኑ የሚታወቀው በዚህ የበሽተኛ አልጋ አጠገብ በተደረገ ንግግር ነው። ሰዕድስ ምን ሆኑ? ዳኑ። የቃዲሲያን ጦር መሩ፣ ብዙ ልጆች ወለዱ፣ ከዚያ በኋላ ከአርባ ዓመት በላይ ኖሩ። ስለ ሞት መነጋገሩ አልገደላቸውም።

በሳንባ ካንሰር የታመመ ሁሉ እንደ ሰዕድ ይድናል ማለታችን እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ልናሳይ የፈለግነው የታመመ ሰው ስለ ራሱ ጉዳይ የመናገር መብት እንዳለው ነው። ይህ መብት ደግሞ በከተማ ለሚኖረው፣ በተለይም ለነጋዴው፣ ትልቅ ኪሳራ ያለበት ነገር ነው። ምን ያህሉ ነጋዴ ዱቤውን በወረቀት ይዟል? ብዙው የሰጠውም የተበደረውም በጭንቅላቱ ነው ያለው። አባት በሽታቸውን ሳያውቁ ከሞቱ ያ ሒሳብ አብሯቸው ይቀበራል። ባለዕዳው ዝም ይላል፣ ባለገንዘቡ ቀብር ላይ ይመጣል፣ የሙት ልጆች መሐል ላይ ይቆማሉ። የተበደለ ካለ ይቅርታ የሚጠየቅበት፣ አማና ካለ የሚመለስበት፣ የተኳረፈ ወንድም የሚታረቅበት ጊዜ ለአንድ ሙስሊም ከምንም የበለጠ ዋጋ አለው። «እንዳይደነግጡ» ብለን ይህን ጊዜ ስንወስድባቸው የማን ንብረት ነው የወሰድነው?

አሁን ሐኪሞች ወዳጠኑት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2010 ቦስተን ከተማ በሚገኘው የማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል የተደረገ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። የተጠኑት 151 ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም የሳንባ ካንሰራቸው ወደ ሌላ አካል ከተሰራጨ በኋላ የታወቀላቸው። ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና ብቻ አገኙ። ሌሎቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የማስታገሻ ሕክምና ተጨመረላቸው። ይህም ማለት ሕመማቸውንና ጭንቀታቸውን የሚከታተል፣ ስለ በሽታቸው ሁኔታና ስለ ምርጫቸው በግልጽ የሚያነጋግራቸው ቡድን ማለት ነው። ሁለተኞቹ የተሻለ ኑሮ ኖሩ፣ የመንፈስ ጭንቀታቸው ቀነሰ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ያልተጠበቀው፣ በመጨረሻ ላይ ከባድ ሕክምና የወሰዱት ያነሱ ሆነው ሳሉ የበለጠ መኖራቸው ነው፤ መካከለኛ ዕድሜያቸው 11.6 ወር ሲሆን የፊተኞቹ 8.9 ወር ነበር። ከሁለት ወር ተኩል በላይ ልዩነት ነው። «ካወቀ ይሞታል» ለሚለው አባባል ይህ ጥሩ መልስ ይመስለናል።

ቤተሰብን በተመለከተ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ሌላ ትልቅ ጥናት አለ። በአሜሪካ ከሰባት መቶ ሺህ በላይ የካንሰር ሕሙማንን መዝገብ የመረመረ ሲሆን የሳንባ ካንሰርም ከተጠኑት አንዱ ነበር። ያገቡት ካላገቡት ይልቅ በሽታው ሳይሰራጭ የመታወቁ፣ ተገቢውን ሕክምና የማግኘቱ ዕድላቸው የሰፋ፣ በካንሰሩ የመሞት አደጋቸውም 20 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሚስጥር አይደለም። ሚስት «ይህ ሳልህ አላማረኝም፣ ተነስ ሐኪም ቤት እንሂድ» ትላለች። ቀጠሮ ታስታውሳለች። መድኃኒት ታቀርባለች። እንግዲህ የቤተሰብ ጥቅም በጀመዓ ማልቀስ ብቻ ሳይሆን በቀጠሮ ቀን እጅ ይዞ መሄድም ነው ማለት ነው።

በበሽታው መካከል ተስፋ ምን እንደሚመስል ከዓለም የታወቀ አንድ ምሳሌ እንጨምር። ፖል ካላኒቲ የሚባል ትውልዱ ከህንድ የሆነ ወጣት አሜሪካዊ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ሲጋራ አያጨስም። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ36 ዓመቱ፣ የተሰራጨ የሳንባ ካንሰር ተገኘበት። ሐኪም ነውና የሚደበቅበት ነገር አልነበረም። ከባለቤቱ ከሉሲ ጋር ተቀምጠው ከብዙ ምክክር በኋላ ልጅ ለመውለድ ወሰኑ። በሐምሌ 2014 ሴት ልጅ ተወለደችላቸው። እርሱ በመጋቢት 2015 ሞተ፤ ልጁን ስምንት ወር አቅፏታል። ሰውየው ሙስሊም አይደለም፤ ነገር ግን ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ለዚያ ቤተሰብ ተስፋ ማለት «ትድናለህ» የሚል ቃል አልነበረም። የቀረውን ጊዜ በምን እንሙላው ብሎ አብሮ መወሰን ነበር። ይህን ውሳኔ የማያውቅ ሰው ሊወስነው አይችልም።

በአገራችንም ሐዘኑን ወደ ሥራ የለወጠ ቤተሰብ አለ። አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው የአራት ዓመት ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር አጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 በልጁ ስም ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተሰኘውን ድርጅት አቋቋሙ። ካንሰር በስሙ በማይጠራበት፣ «ያ በሽታ» እየተባለ በሚታለፍበት ጊዜ እነዚህ ወላጆች የልጃቸውን ስምና የበሽታውን ስም አንድ ላይ አደባባይ አወጡ። ድርጅቱ የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ እንዲወጣ ከተሟገቱት አንዱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን የከለከለ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ያገደ ነው።

ትምባሆ ከተነሳ ዘንድ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። የሳንባ ካንሰር ትልቁ መንስኤ ሲጋራ መሆኑ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን የተደረገው ጥናት ከአዋቂዎች 5 በመቶ፣ ከወንዶች 8.1 በመቶ ትምባሆ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል። ቁጥሩ ከብዙ አገሮች ያነሰ ነው። በከተሞቻችን በጫት መቃሚያው ቤት የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው ግን በዚህ ብዙ አይጽናናም፤ «እኔ ከጫት ጋር ብቻ ነው የማጨሰው» የሚለው ወጣት ሳንባው ጫቱንና ሌላውን ሰዓት የሚለይለት ይመስለዋል። የሺሻውም ውሃ ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጥበውም። በሌላ በኩል በሕይወቷ ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናትም ትታመማለች። መስኮት በሌለው ማዕድ ቤት የሚነደው የእንጨት ጭስ በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ዘንድ ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከተባሉት ተርታ ነው። ስለዚህ የታመመን ሰው ከበሽታው በላይ «ለምን አጨስክ?» እያሉ መውቀስ ጥቅም የለውም። ከታመመ በኋላም ቢሆን ማጨስ ማቆም ሕክምናው እንዲሠራለት ይረዳዋልና ወቀሳውን ትቶ ለማቆም ማገዝ ይሻላል።

እንግዲህ እንዴት ይነገር? በመጀመሪያ በሽተኛው ይጠየቅ። «ስለ ሕመምዎ ሁሉን ማወቅ ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ይነገር?» ብሎ ሐኪሙ ቢጠይቅ ብዙ ነገር ይቀላል። አልፈልግም የሚል ሰው አለ፤ ምርጫው የራሱ ነውና ይከበርለት። የምንቃወመው ሳይጠየቅ ሌላው ሲመርጥለት ነው። ማወቅ እፈልጋለሁ ካለ ግን በመርዶው ሥርዓታችን እንነጋገር፤ በጸጥታ ቦታ፣ የሚወዱት ሰው አጠገባቸው ሆኖ፣ የበሽታው ስም በትክክል ተጠርቶ። ነቀርሳ ተብሎ ሳይሆን የሳንባ ካንሰር ተብሎ። ሁሉም በአንድ ቀን ካልተነገረ አይባልም። ዛሬ ስሙ፣ ነገ ሕክምናው፣ ሌላ ቀን ደግሞ የቀረው። «ምን ያህል ጊዜ አለኝ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ቁጥር ለመስጠት የሚቸኩል ዘመድ ይታቀብ። አጀል በአላህ እጅ ነው፤ ሐኪሙም ቢሆን የሚያውቀው የብዙዎችን አማካይ እንጂ የእኚህን ሰው ቀን አይደለም።

ሩቅያና ዱዓ ከሆስፒታሉ ጋር የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። ሰበብ ማድረስና መመካት አብረው ይሄዳሉ። ነገር ግን «የነጮቹን መድኃኒት ተው፣ ይህን ጠጣ» እያለ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲመጣ ቤተሰቡ በሩ ላይ ቆሞ ይመልሰው። በጭንቅ ላይ ያለ ሰው ሁሉን ያምናልና። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ለበሽተኛ የተፈቀደለትን ፍቃድ የኢማን ማነስ አስመስሎ የሚያቀርብ ጠያቂ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጠያቂዎችን ካነሳን ዘንድ፣ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ «እገሌም እንዲሁ ሲያስለው ከርሞ ነው የሞተው» የሚል ሰው ከየት እንደሚላክ አናውቅም፣ ግን ሁልጊዜ ይመጣል።

ሕመምን በተመለከተ፣ ሕመም ሊታገስ የሚገባው ነገር ነው ተብሎ ብዙ ሰው ሳያስፈልግ ይሰቃያል። ሶብር ማለት መድኃኒት አለመጠየቅ አይደለም። ለካንሰር ሕመም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን አለ፤ ሐኪም በትክክል ካዘዘው ሱስ ይሆንብኛል ተብሎ የሚፈራ አይደለም። የትንፋሽ እጥረትንም ያቀልላል። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰሉ ቤት ለቤት እየሄዱ የሚያስታምሙ ድርጅቶች አሉ። እንደ ላንቴ ባለ ቦታ ግን ይህን ሥራ የሚሠራው ቤተሰቡ ነው፤ ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ ቢብስ ማን ጋ እንደሚደወል አስጽፎ መውጣት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ነገር ስለዚያች ሴት ልጅ ነው። በየቤቱ አንዲት አለች። አዲስ አበባ ያሉት ወንድሞች ገንዘብ ይልካሉ፣ በስልክ ይጠይቃሉ፤ ሌሊት ተነስታ ትራሱን ከፍ የምታደርገው፣ አክታውን የምትደፋው፣ የማይበላውን ምግብ ሦስት ጊዜ የምታሞቀው ግን እርሷ ናት። ገንዘቡ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ሲቲ ስካንም የለም፣ የመንገድ ትኬትም የለም። ነገር ግን አባት የሚጠብቁት የልጆቻቸውን ፊት ነው። በየወሩ አንዱ ወንድም ለአንድ ሳምንት ቢወርድ አባትም ይደሰታሉ፣ ያቺ ልጅም ትተኛለች። ተራው ማን መቼ እንደሚወርድ በወረቀት ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ። በቃል የተያዘ ተራ ሁልጊዜ የሚደርሰው ለእርሷ ነው።